የምናሴ ጸሎት፦ በደለኛ በምን አፉ ያመሰግናል?

ዳዊት ደገመ የሚባል ሰው የሚደግመው መዝሙሩን ብቻ እንዳልሆነ፣ ፊደል ቆጥረን ያደግን ሁሉ እናውቃለን። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዳዊት ውስጥ ከመዝሙሩ ቀጥሎ መኃልየ ነቢያት የሚባሉ 15 ጸሎቶች አሉ፤ ከዚያም መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። ከ15ቱ አንዱ የይሁዳ ንጉሥ የምናሴ ጸሎት ነው። አጭር ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ተነቦ ያልቃል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን በየቤታችን ያለ ጥያቄ ነው። ሕጉን ሳይፈጽም የኖረ ሰው፣ በደሉም ገና ከፊቱ ሳይርቅ፣ እግዚአብሔርን ለማመስገን አፍ አለውን?

ምናሴ ማን እንደ ነበር ለልጆቻችን ማስታወስ ያስፈልጋል። የጻድቁ የሕዝቅያስ ልጅ ነው። በ12 ዓመቱ ነግሦ 55 ዓመት ገዛ፤ ከይሁዳ ነገሥታት እንደ እርሱ ረጅም ዘመን የገዛ የለም። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ጣዖት አቆመ፣ ልጁን በእሳት አሳለፈ፣ ኢየሩሳሌምንም በንጹሕ ሰው ደም ሞላት። ነቢዩ ኢሳይያስን ያስገደለው እርሱ ነው የሚለውን ወሬ የአይሁድ ሊቃውንትም የክርስቲያን ሊቃውንትም ይናገሩታል። ነቢዩ በመጋዝ መሰንጠቁን የሚተርከው ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ሙሉ ሆኖ እስከ ዛሬ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት አይደለም። የኢትዮጵያ አንባቢ የምናሴን ክፋት ከማንም አንባቢ ይልቅ አሳምሮ እያወቀ ጸሎቱን በዳዊቱ ውስጥ እንዳኖረው ለማሳየት ነው።

መጻሕፍቱ ራሳቸው ስለዚህ ሰው አይስማሙም። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 በደሉን ቆጥሮ ሞቱን ይናገራል፤ ንስሐ ገባ የሚል ቃል የለበትም። 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ግን የአሦር አለቆች በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን እንደ ወሰዱት፣ በዚያም ተዋርዶ እንደ ጸለየና ወደ መንግሥቱ እንደ ተመለሰ ይተርካል። ጸሎቱ በሌላ መጽሐፍ ተጽፏል ይላል እንጂ ቃሉን አይሰጠንም። በዳዊቱ ያለው ጸሎት ይህን ጎደሎ ይሞላል። በሚሽና፣ በሳንሄድሪን ክፍል፣ ምናሴ በሚመጣው ዓለም ዕድል ከሌላቸው ሦስት ነገሥታት አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ራቢ ይሁዳ ብቻ ዜና መዋዕልን ጠቅሶ «ዕድል አለው» ሲል ይከራከራል። እንግዲህ ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ጸሎቱ አሠራር ልግባ። ተራ ሰው በደሉን ሊናዘዝ ሲቀርብ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ይለምናል፣ ይቅርታውን ሲያገኝ ያመሰግናል። ይህ ጸሎት እንዲህ አይሄድም። የሚጀምረው የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን አምላክ በመጥራት፣ ሰማይና ምድርን በመፍጠሩ፣ ባሕርን በትእዛዙ በማሰሩ እርሱን በማክበር ነው። ተናጋሪው በሰንሰለት ላይ ነው፤ ይቅር ስለ መባሉ አንድም ምልክት የለውም። ምስጋናው ግን ቀድሟል። በደሉን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲናገርም አያሳንሰውም፣ ሰበብም አይፈልግም። መዝጊያው ደግሞ እንደገና ምስጋና ነው፤ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ሊያመሰግን ቃል ይገባል። ኑዛዜው ከፊትም ከኋላም በምስጋና ታጥሯል ማለት ነው።

ከዳዊት ከራሱ የንስሐ መዝሙር፣ በግዕዙ ቁጥር 50ኛው፣ በዕብራይስጡ 51ኛው ከሆነው ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ዳዊት ናታን ነበረው። ነቢዩ ፊት ለፊት ወቀሰው፣ እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳራቀለትም ነገረው። ለምናሴ «ይቅር ተብለሃል» ብሎ የሚነግረው ነቢይ አልመጣለትም፤ በወሬው መሠረትማ ነቢዩን ያስገደለው እርሱው ነው። ስለዚህ የምናሴ ምስጋና ከዳዊት ምስጋና ይልቅ ድፍረት አለበት እላለሁ።

ጸሎቱ ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ኃጢአቴ ከባሕር አሸዋ በዛ ብሎ መናገር ትልቅ ቃል ነው፤ ነገር ግን አሸዋ ስም የለውም። ስለ ፈሰሰው ደም፣ በእሳት ስላለፈው ልጅ በግልጥ የተነገረ የለም። ለተበደለው ሰው ወገን ይህ ዝምታ ይከብዳል፤ ሚሽናውም የጨከነው በከንቱ አይመስለኝም። ምስጋና የተበደለን ሰው ዕዳ አይከፍልም። ዲድስቅልያ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ጸሎቱን ያነሣው ኤጲስ ቆጶሳት የሚመለሰውን እንዳይገፉ ለማስተማር ነው፤ ለዚህ በደንብ ያገለግላል። ምናሴን ነጻ ለማውጣት ግን አይበቃም።

ይህን ሁሉ በመዝከረት ባትያ ተቀምጬ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ሞሻቫ እ.ኤ.አ. በ1883 ኤቅሮን ተብላ የተመሠረተች ናት፤ ኋላ በባሮን ሮትሽልድ እናት ስም ተጠራች። በ1888–1889 የሽሚጣ ዓመት ሲደርስ በሌሎች ሞሻቮች አንዳንድ ገበሬዎች በራቢዎች ፈቃድ አረሱ፤ የኤቅሮን ሰዎች ግን የባሮኑ ሹማምንት ቢቆጧቸውም ሞፈርና ቀንበራቸውን ሰቀሉ። ሕግን ስለ መጠበቅ እዚህ አገር የሚያምር ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት በጎንደርም መሬት ጦም አድሮ ነበር፤ ሕግ ተጠብቆ ሳይሆን በሬ አልቆ ነው። የከብቱ እልቂት፣ ረሃቡና የድርቡሽ ወረራ በአንድነት የመጡበት፣ እኛ ክፉ ቀን የምንለው ዘመን ነበር። ከቤተ እስራኤል ስንቱ አለቀ፣ ስንቱ ተበተነ፣ ስንቱም ለመኖር ሲል ክርስትና ተነሣ። ኤቅሮኖችን የሚያሞግስ ሰው ሁለቱን መሬት ጎን ለጎን ቢያያቸው መልካም ነው።

የነዚያ የልጅ ልጆች ዛሬ መካከላችን ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1991 ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በክርስትና የኖሩ ናቸው፤ ፈላሽ ሙራ የሚለው ስም ቅር ስለሚያሰኛቸው ዘር እስራኤል መባልን ይመርጣሉ። የመመለስን ሥርዓት ፈጽመው እንኳ «እኔ ምን አፍ አለኝ?» እያሉ በምኩራቡ በር አጠገብ የሚቆሙ አባቶችና እናቶች አሉ። ሰንበትን ሽረው አርሰዋል፣ ያልተፈቀደ ሥጋ በልተዋል፣ ጾሙንም የጾሙት በሌላው አቆጣጠር ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የአያትን ዳዊት ሲያገኙ ውዳሴ ማርያም አለበት ብለው ከቤት ማውጣት ይፈልጋሉ። የጥንቶቹ ቄሶቻችን እንዲህ አላደረጉም። ከክርስቲያን ጸሐፍት ያገኙትን መጽሐፍ የማይስማማቸውን ቃል ፍቀው ያነቡት ነበር፤ ብራና አልጣሉም።

እኔ እንደማየው ለነዚህ ሽማግሌዎች ከምናሴ ጸሎት የሚቀርብ ጸሎት የለም። በስግድም ቢሆን ሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም፤ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ በዚያው ቀን እየዘመረና እየተደሰተ ይወርዳል። ከተራራው ሲወርድ ፍጹም ሆኖ አይደለም።

ዜና መዋዕልም ምናሴን ፍጹም አድርጎ አያሰናብተውም። ከምርኮ ተመልሶ ጣዖቱን አወጣ፣ መሠዊያውን አደሰ፣ የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሕዝቡ ገና በኮረብታዎቹ ላይ ይሠዋ ነበር፣ ቢሆንም ለእግዚአብሔር ብቻ ነበር ይላል። ልጁ አሞንም አባቱ ለሠራቸው ምስሎች እንደገና ሰገደ። በ2ኛ ነገሥት እንደምናነበው ደግሞ ምናሴ በቤተ መቅደሱ አደባባዮች የሠራቸውን መሠዊያዎች ያፈረሰው የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ነው። የምስጋናው መሥዋዕት የቀረበው ይህ ሁሉ ሳይስተካከል ነው።

ይህን ጸሎት በዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችን በታናኽ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። ቤታችሁ የቆየ ዳዊት ካለ ከመኃልየ ነቢያት መካከል ፈልጉት፤ ግዕዝ የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለም ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጋችሁ ድምፁን ቅረጹ።