የወር ልብወለድና የቃል ቆጠራ

በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች የጀመሩት፣ በ30 ቀን 50,000 ቃላት ያሉት ልብወለድ የመጻፍ ልማድ ብዙ አገር አዳርሷል። አስተባባሪው ድርጅት በ2025 መዘጋቱን ቢያስታውቅም፣ እኔና አራት ደራሲያን ጓደኞቼ ልማዱን ተከትለን ወር ሙሉ በአማርኛ ጽፈናል።

ጥያቄዬ መለኪያውን ይመለከታል። 50,000 በየትኛው ቋንቋ ቃል? «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ አድራጊዋን፣ ተቀባዩን፣ አሉታውንና ግሱን አንድ ላይ ይዟል። እንግሊዝኛው ለዚሁ አምስት ቃል ያሰልፋል። እንግዲህ በቀን 1,667 ቃል ለእኛ የከበደ ሸክም ነው። የሚያሳስበኝ ግን ክብደቱ ሳይሆን በአጻጻፋችን ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ «አለቀሰች» በሚበቃበት ቦታ ሁሉ «ማልቀስ ጀምራ ነበር» ገባ፤ ገጸ ባሕርያቱም ለሰላምታ ብቻ አንድ ገጽ ፈጁ (ሰላምታችን ረጅም መሆኑ ባይካድም)።

በአንጻሩ፣ ለዓመታት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲፍቅና ሲደልዝ የኖረ ጓደኛችን ታሪኩን ዳር አድርሷል። ይህን ያስገኘው፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀን ገደቡ እንጂ የቃሉ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የምንቆጥረው ትዕይንት ይሆናል፤ በቀን አንድ፣ ቢረዝምም ቢያጥርም።