88 ወይስ 54? የምርምር ገንዘብ የሚመዘንበት ሚዛን

ከጓደኛዬ ጋር አንድ ፕሮፖዛል ጽፈን ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ ወዴት እየተስፋፋ እንደሆነ በሳተላይት ምስል ለመከታተል። ውጤቱ ሲመጣ አንደኛው ገምጋሚ 88፣ ሌላኛው 54 ሰጥተውናል። አማካዩ 71፣ ማለፊያው 72። ወደቅን።

መውደቅ ያለ ነው። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሁለቱ ገምጋሚዎች በ34 ነጥብ እየተለያዩ፣ እንዴት በ1 ነጥብ ይወሰናል?

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እንዲህ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መለኪያውን ነው። አንድ ጆንያ ጤፍ በአንዱ ሚዛን 88 ኪሎ፣ በሌላው 54 ኪሎ ቢመዝን፣ አማካዩን ወስዳችሁ ትገበያያላችሁ? ሚዛኑ ይፈተሽ ነው የምትሉት።

አሠራሩ በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው። ጥሪ ይወጣል፣ ተመራማሪዎች ፕሮፖዛል ያስገባሉ፣ የዘርፉ ባለሙያዎች አንብበው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ በነጥብ ተደርድሮ፣ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 43 ገምጋሚዎች 25 የጤና ምርምር ማመልከቻዎችን እንዲመዝኑ ተደረገ። በተመሳሳይ ማመልከቻ ላይ እንኳ ነጥባቸው ሊገናኝ አልቻለም። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በ2012 ለአንድ የጤና ምርምር ፈንድ የቀረቡትን 3,727 ማመልከቻዎች ማዘጋጀት ወደ 550 የሥራ ዓመት እንደፈጀ ተገምቷል። ያለፉት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው።

ታዲያ ገምጋሚ አያስፈልግም? ያስፈልጋል እንጂ! ያ 54 የሰጠን ሰው «ክረምት ላይ ደመናውን እንዴት ልታልፉት ነው?» ብሎ ጽፎ ነበር። እውነቱን ነው። ተራ የሳተላይት ካሜራ በደመና ውስጥ አያይም፤ ራዳር ግን ያያል። ይህ አንድ ጥያቄ ከነጥቡ በላይ ጠቅሞናል። ገምጋሚ ስህተትን ያገኛል፣ በግልጽ ደካማውንም ይለያል። የሚያቅተው 71ን ከ72 መለየት ነው።

ለዚህ አንዳንዶች ወደ ዕጣ ዞረዋል። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ የድጋፍ ዓይነት፣ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በዕጣ መምረጥ ጀመረ። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም መስመሩ ላይ እኩል ለሆኑት ከ2021 ጀምሮ ዕጣ ይጠቀማል።

«ዕጣ? ደግሞ ለሳይንስ?» ትሉ ይሆናል። ስጋቱ ይገባኛል። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዟል። ትምህርቱ ግን ዕጣ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። በዕቁብ እንደምናውቀው፣ ዕጣ ሁሉም እያየ ሲወጣ ነው የሚታመነው።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሁለት ገምጋሚዎች በጣም ከተራራቁ ሦስተኛ ይጨመር። አስተያየታቸው ከነጥቡ ጋር ለአመልካቹ ይድረስ። መስመሩ አካባቢ ለተጠጋጉት ደግሞ በአደባባይ ዕጣ ይውጣ።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ነው፤ ሊያግዘው የሚችል ሐሳብ ባልተፈተሸ ሚዛን በአንድ ነጥብ ወድቆ ሊቀር አይገባም። እኛም ራዳሩን ጨምረን ለሚቀጥለው ጥሪ እየጻፍን ነው።