ጦቢያ ወንድ ነበር

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ሰሞኑን ደግሜ ሳነብ ቀድሞ ልብ ያላልሁት ነገር ያዘኝ፤ የልጅቱ ስም። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር የሚባለው። «ጦቢያ» የተባለው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጦቢያ ሲባል የምትታየን ሴት ናት፤ አለዚያም አገር። ኢትዮጵያ በሰው አፍ ጦቢያ ስለምትባል ልጅቱን የአገር ምሳሌ አድርጎ የሚያነብ ሞልቷል።

አይሆንም አልልም፤ ችኮላ ግን ይመስለኛል። ጦብያ ጥንቱን የወንድ ስም ነው። በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር ቸር ነው» እንደ ማለት ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ወንድ ልጃቸውን ቶቢያስ ይላሉ። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ዓይኑ የጠፋው አባቱ በአደራ ያስቀመጠውን ብር ሊያመጣ ከሩፋኤል ጋር መንገድ የሚወጣው፣ በዓሣ ሐሞትም የአባቱን ዓይን የሚያበራው ልጅ ጦብያ ነው። (ጳጉሜን 3 በዝናብ የምንቦርቀው በዚሁ መልአክ በዓል አይደል?)

አፈወርቅ ምን አደረገ? ስለ አባቱ ብሎ ከቤት የሚወጣውን ልጅ ዋህድ አለው፤ የዚያን ልጅ ስም ግን ለእኅቱ ሰጣት። እሷም በተራዋ መንገድ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለበሰች። ልብሱ ሳይመጣ ስሙ ወንድ ነበር! ጦቢያን አገር ብቻ አድርጎ የሚያነብ ይህ ጨዋታ ያመልጠዋል።

ወዳጄ ለአራስ ወንድ ልጁ ስም ሲያማርጥ «ጦቢያ በለው» አልሁት።

«የሴት ስም ለወንድ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልብ ወለዱን አንብቦት አያውቅም።