«ፕላዝማ ተመልካች ክፍሎች»፦ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ትችት

ስለ ኑክሌር ውህደት ኃይል የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን መርምረነዋል። ረቂቁ በትጋት የተሠራ ነው፤ «ውህደት»ን ከ«ክፍፍል» ሳያደባልቅ በመጠቀሙም ምስጋና ይገባዋል። ትችታችን የሚያተኩረው የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃል በቃል በመከተል «የፕላዝማ ተመልካች ክፍሎች ሙከራ ጣቢያ» ባለው ላይ ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በካዳራሽ፣ በመገንባት ላይ ባለው ኢተር የሚገኘው ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተላቀቁበት ጋዝ፣ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ታቅዷል። ማግኔት ከግድግዳው ቢያርቀውም፣ በማሽኑ ግርጌ ያሉት የተንግስተን ንጣፎች በካሬ ሜትር 10 ሜጋዋት፣ ለአጭር ጊዜም 20 ሜጋዋት ሙቀት መቻል አለባቸው። ስለዚህ እንዲህ ያሉት አካላት ማሽኑ ውስጥ ሳይገቡ በሌላ ሥፍራ ይፈተናሉ። በኔዘርላንድ፣ በአይንድሆቨን፣ ያለው ማግነም ፒኤስአይ ናሙናዎችን የሚፈትነው በእውነተኛ ፕላዝማ ነው፤ የሴንት ፒተርስበርጉ መፈተኛ ግን የሚያግለው በኤሌክትሮን ጨረር ነው። ተፈታኙ ፕላዝማው ሳይሆን ፕላዝማውን የሚችለው አካል መሆኑን ስያሜው ማሳየት ነበረበት።

አሁን ስያሜውን ላሊበላ ላለ አንባቢ እናቅርብለት። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ማስተማር ሲጀመር «ፕላዝማ» በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎም የትምህርቱ ስም ሆነ። በዚያ ዘመን በላስታ ደጋ የተማረ ሰው «ፕላዝማ ተመልካች ክፍል» ሲባል የሚታየው በቴሌቪዥን የሚማር የመማሪያ ክፍል ነው። አልተሳሳተም፤ አማርኛው የሚለው ይህንኑ ነው። (የዚያ ቴሌቪዥን ብርሃንም የሚመነጨው ከፕላዝማ ስለነበር ቃሉ ከፊዚክሱ ያን ያህል አልራቀም።) እንግዲህ «ፕላዝማ» በውሰት ይቆይ፤ ጥፋቱ የ«ተመልካች» እና የ«ክፍል» ነው።

እኛ «ገበር»ን እናቀርባለን። ለላሊበላ ካህናት ካባ ለሚሰፋ ልብስ ሰፊ ገበር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ከውስጥ በኩል ይሰፋል፣ ገላን የሚነካው እርሱ ነው፣ ሲያልቅ ተተርትሮ ይለወጣል። የኢተር ንጣፎችም ሲጎዱ እንዲለወጡ ሆነው የተነደፉ ናቸው። ገበር ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ተንግስተን ግን በ3,422 ዲግሪ የሚቀልጥ ብረት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሆኖም ስያሜ የሚከተለው ተግባርን እንጂ ልስላሴን አይደለም።

«ሙከራ»ንም አንቀበለውም። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንጂ አይሞከርም፤ «የፕላዝማ ገበር መፈተኛ» ይበቃል።

ረቂቁ ከገበሩ ጀርባ ያለውን አካል «ብርድ ልብስ» ብሎታል። በላስታ ብርድ ልብስ ሙቀትን ለለባሹ ያቆያል፤ ይህኛው ግን የኒውትሮኖቹን ሙቀት ተቀብሎ ለማቀዝቀዣው ውሃ ያስረክባል። ለጊዜው «የኒውትሮን ሽፋን» ብለነዋል፤ ከዚህ የተሻለ ያለው ቢልክልን ደስ ይለናል።