የሕዋስን አሟሟት ስለ ማንበብ

በሆሳዕና ከተማ የፓቶሎጂ ሥራ ይዤ፣ ከሀድያና ከከምባታ ከተሞች በፎርማሊን ተነክሮ የሚመጣውን የሥጋ ናሙና ቆርጦ፣ በሰም አጠንክሮና በቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ መመርመር የዘወትር ተግባሬ ከሆነ ወዲህ፣ ለደቀ መዛሙርቴ አስቀድሜ የማስተምረው የበሽታውን ስም ከመጥራት በፊት ሕዋሱ በምን ዓይነት ሞት እንደ ሞተ መለየት እንደሚገባ ነው።

በግፍ የሞተ ሕዋስ ያብጣል፤ ሽፋኑ ተቀዶ በውስጡ ያለው ይፈሳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ጥፋቱ ይሰበሰባሉ። በተፈጥሮ ሥርዓቱ የሞተው ግን ይኰማተራል፤ ኒውክለሱ ጠቁሮ ይሰባበራል፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ በዙሪያው ባዶ ስፍራ ይታያል፤ ጎረቤቶቹም ያለ ሁከት ውጠው ያስወግዱታል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 የኦሞን ሸለቆ የፈጀው፣ በ2020ም በጎረቤታችን በጉራጌ ዞን የተነሣው ቢጫ ወባ በጉበት ውስጥ የሚተወው፣ በካውንስልማን ስም የሚጠራው ቀይ ድቡልቡል አካል የዚህ የሁለተኛው ሞት ሬሳ ነው።

ስለዚህ ሞት ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ ሕዋስን ከእርሱ የሚጠብቀው፣ ሲጣመም ግን የሚገድለው የፕሪዮን ፕሮቲን ነገር ነው። ጤነኛው ፕሮቲን ማደሪያው የሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ሲሆን፣ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ይበዛል። ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ዘረመል የጠፋባቸው አይጦች ያለ ጉልህ ጉድለት ማደጋቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ከታወቀ በኋላ ጥቅሙ ሊቃውንቱን ሲያከራክር ቢኖርም፣ ፕሮቲኑ የሌላቸው የነርቭ ሕዋሳት ምግባቸው በተቋረጠ ጊዜ ፈጥነው እንደሚሞቱ፣ ባክስ የተባለው የሞት መልእክተኛ በሰው የነርቭ ሕዋስ ላይ ሲነሣም ይኸው ፕሮቲን እንደሚመክተው በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ዳሩ ግን ይህ ዐቃቤ ሕይወት ቅርጹን በለወጠ ጊዜ ጠባዩም ይለወጣል፤ ስታንሊ ፕሩሲነር እ.ኤ.አ. በ1982 ፕሪዮን ብሎ የሰየመው፣ በ1997ም የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት ጠማማው ፕሮቲን፣ ጤነኛውን በራሱ አምሳል እያጣመመ ይበዛል። እርሱ ሲከማች የነርቭ ሕዋሱ መከራውን ለማለፍ አዲስ ፕሮቲን መሥራቱን ይገታል፤ ይህም ለጥቂት ጊዜ ቢሆን መዳኛው በሆነ ነበር፤ ሲራዘም ግን ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝበት ስፍራ የሚያስፈልገውን አጥቶ ሕዋሱ እንደሚሞት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታመሙ አይጦች ላይ ተገልጧል። ስለዚህ እኔም የሞተ ሕዋስ ባየሁ ቁጥር፣ ገዳዩን ከመፈለጌ በፊት ጠባቂው ምን እንደ ደረሰበት እጠይቃለሁ።

በፕሪዮን ደዌ የሞተ ሰው አንጎል በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቶ፣ የነርቭ ሕዋሳቱም ተመናምነው ሲታይ፣ ነጭ የደም ሕዋስ አይሰበሰብበትምና ጀማሪውን መርማሪ ያሳስታል። ከዚህም የከፋው፣ ፎርማሊን ፕሪዮንን የማይገድለው፣ የተለመደው የእንፋሎት ማምከኛም የማይበቃው መሆኑ ነው፤ በፎርሚክ አሲድ ያልታከመ ናሙና ለቆራጩ እጅ አደጋ ነው፤ የነካውም መሣሪያ ለብቻው ሊለይ ይገባዋል።

ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ የምትሠሩ ሐኪሞች ሆይ፣ የአንጎል ናሙና ከስንት አንድ ጊዜ የምትልኩ ብትሆኑም፣ በሽተኛው በጥቂት ወራት ውስጥ አእምሮው የደከመ፣ ሰውነቱም በድንገት የሚነዝረው እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ይህ ያልተጻፈበት ናሙና ሊቆረጥ አይገባውም።