ድጋፉ ለምን ከመጨረሻው ይጀምራል?

 

ኦቶና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆስፒታሉን ነው። እዚያ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን «አሥራ ሁለት ዓመት ይቆይና እናየዋለን» የሚል ሐኪም የለም። በትምህርት በኩል ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ከወደቁት መካከል የተመረጡት ዩኒቨርሲቲ ገብተው «ሬሚዲያል» የተባለውን የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ሬሚዲያሉን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ጊዜውን ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 የተፈተኑት የእነዚያ ሕፃናት የቅርብ ታናናሾች ናቸው። ታዲያ ነገሩ ያን ጊዜ አልታየም ነበርን?

የወላይታን ልጅ ሸክም እስቲ እናስተውል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው በላቲን ፊደል ማንበብ ይጀምራል። ያው ፊደል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ድምፁን ይለውጥበታል፤ እንግሊዝኛው «ኤክስ» የሚለው በወላይትኛ «ጠ» ነው። ቀጥሎ አማርኛ ከነፊደሉ ይመጣል። ሙስሊም ከሆነማ ከሰዓት በኋላ ቁርአን ቤት ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ዐረብኛ ይጠብቀዋል። ይህ ልጅ ቢደናገር ሰነፍ ሊባል ነውን?

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሕፃናት በተከታታይ ምዘና እየታዩ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዘዋወሩ ተደርጓል። የተከታታይ ምዘና ዓላማ የደከመውን ቶሎ ለይቶ ማገዝ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ማዘዋወሩ ተይዞ ማገዙ ተረሳ። ማርክ ተሞላ፣ ልጁ አለፈ፣ ሳያነብ አራተኛ ክፍል ደረሰ።

የቁርአን ቤቶቻችን በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። ደረሳው ሉሁን ይዞ ለብቻው ኡስታዙ ፊት ይቀርባል፤ የዛሬውን ሳይዝ ወደ ነገው አያልፍም። (አለንጋውን ግን ለማንም አልመክርም፤ ፈሪ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም።) በህንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅትም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድቦ በማስተማር ታውቋል። አሠራሩ ከሉሁ ብዙም አይርቅም።

ዐይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ለመማር ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ተይዘው ስለነበር ፊታቸውን በማዞራቸው ሱረቱ ዐበሰ ወረደች። ፊት ወንበር የተቀመጡትን ጎበዞች ብቻ እያዩ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። በሶዶም ሆነ በገጠሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች በመስከረምና በጥር እያንዳንዱን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለብቻ አስነብበው ይስሙት። ያልቻሉትን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በትንንሽ ቡድን ያስተምሩ፤ ዐይኑና ጆሮው የሚያጠራጥረውን ወደ ሐኪም ይላኩ። አንተም ወላጁ፣ የልጅህን ካርድ ስትቀበል ደረጃውን ከመጠየቅህ በፊት መጽሐፉን አስከፍተህ አንድ ገጽ አስነብበው። ካልቻለም ሳትቆጣው በማግሥቱ መምህሩ ዘንድ ሂድ።