የኢአማኒው ቃል፦ «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ»ን እንደገና ስናነብ

አንድ ሰው ከእምነት ወደ ኢአማኒነት የተጓዘበትን መንገድ በራሱ አንደበት፣ ያለ ፌዝና ያለ ዘለፋ፣ በአማርኛ የሚተርክበት ድርሰት ጥቀስ ቢባል መምህሩም ሆነ ሐያሲው ለመልስ ይቸገራል። ስለ እምነት የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው። በእምነት አገልጋዮች ላይ የሚሰነዘረው ሽሙጥም ከቅኔ ቤት ጀምሮ ሥር የሰደደ ባህል አለው። የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም «አላምንም» የሚለው ሰው ወደዚህ አቋም እንዴት እንደደረሰ፣ በመንገዱ ምን እንደጣለና ምን እንዳተረፈ ለወገኑ የሚያስረዳበት ቃል ነው። ጉዳዩ ለነገረ መለኮት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነውና የደራሲያን ነው።

ችግሩ ከቋንቋው ይጀምራል። «አረመኔ» ጣዖት አምላኪን ከሚያመለክተው «አረሚ» ጋር ዝምድና ያለው ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ትርጉሙ ጨካኝ ሆኖ ቀርቷል። «ከሐዲ» ፈጣሪውን የካደውንም፣ ባልንጀራውን የሸጠውንም፣ አገሩን የከዳውንም በአንድ ገመድ ያስራል። «እምነት»ና «ታማኝ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለሆኑ «እምነት የለኝም» የሚል ሰው «አትመኑኝ» ያለ ያህል ይሰማበታል። «ኢአማኒ» ከእነዚህ ሁሉ ጨዋው ነው። ሆኖም በግእዝ አፍራሽ ቅጥያ የተሠራ የመጽሐፍ ቃል በመሆኑ ሰውየው ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይነግረንም። እናት ለጎረቤቷ «ልጄ ኢአማኒ ሆነ» ስትል አንሰማም፤ «ልጄ ካደ» ወይም «ልጄ ጠፋብኝ» ነው የምትለው።

በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ጠያቂው ሰው ጎልቶ የታየባቸው ሁለት ሥራዎች ይህንኑ ያሳያሉ። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ጉዱ ካሣ የሥርዓቱን ገመና ይገልጣል፤ ሰዉ ግን እብድ ብሎታል። በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ጠያቂው ወጣት ተማሪ ነው። ሁለቱም ኢአማኒ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ጥያቄ በአማርኛ ድርሰት በማን አፍ እንደሚነገር ለማመልከት ነው። ከእብድ ጋር ማንም አይከራከርም። ተማሪውን ደግሞ «ሲበስል ይተወዋል» ይሉታል። ጤናማ፣ ጎልማሳ፣ ልጆች ያሉትና ዕድርተኛ የሆነ ጠያቂ ገና መድረኩን አልያዘም። (በነገራችን ላይ ዳኛቸው ለነባሩ ዓለም ሰዎች የሰጣቸው አንደበት ከተማሪው ንግግር የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚልቅ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ተውኔቶች የተሳናቸው ይህ ፍትሕ ነው።)

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኢአማኒነት ከመንግሥት ወገን መጣ። ቁስ አካላዊነት በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ተሰጠ፤ ካድሬው ጥቅሱን አጠና፤ በመድረክ ላይም ቄሱ ከባላባቱ ጎን ቆሞ እንዲሳቅበት ተደረገ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልታየው የአንድ ሰው ሕሊና ጉዞ ነው። አመሻሽ ላይ ተጠራጥሮ፣ ሌሊት አልቅሶ፣ ሲነጋ የወሰነ ገጸ ባሕርይ አልነበረም፤ መደምደሚያው አስቀድሞ በሰርኩላር ደርሶ ነበርና። ስለሆነም በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያ ኢአማኒነት እንደ ደንብ ልብስ ወልቆ ተሰቀለ። ይህም ብቻ አይደለም። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገድለዋል። ዛሬ «ሃይማኖት የለኝም» የሚል ሰው አድማጩ ይህን እንደሚያስታውስ ሊያውቅ ይገባዋል። «ያ ሌላ ነው» ብሎ ማለፍ ክርክርን አያስረታም።

የመንግሥቱ ቃል እንዲህ ከታመነነት በወደቀበት ዘመን ያደገው ትውልድ ምስክሩን የፈለገው ከጥንቱ ዘንድ ነው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲ በሚገኙ ቡና ቤቶች ውስጥ ክርክር ሲነሣ «እኛም የራሳችን ኢአማኒ ነበረን» ተብሎ ስሙ የሚጠራው ዘርአ ያዕቆብ ነው። ይህ አጠራር መጽሐፉን ካለማንበብ የመጣ ነው። የሐተታው ተራኪ በፈጣሪ ያምናል፤ ይጸልያል፤ ነፍስ ከሞት በኋላ ፍርዷን እንደምታገኝ ይሟገታል። የማይቀበለው ሰዎች «እግዚአብሔር ለእኛ ብቻ ተናገረ» የሚሉትን ነው።

የመጽሐፉን ትክክለኛነት በሚመለከት ክርክሩ አልተዘጋም። የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ካፑቺን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ጽሑፉም ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ባሳተማቸው ቅጾች ኢትዮጵያዊነቱን ተከላከለ። ኢአማኒዎች የሚመኩበትን መጽሐፍ የላከውም የተሟገተለትም መነኩሴ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ለያዝነው ጉዳይ ግን ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ በግእዝ የተተረከልን አንድ ሕሊና አለ፤ ሐያሲው የሚመዝነው እርሱን ነው።

የሐተታው ታላቅነት ከመደምደሚያው ይልቅ በአተራረኩ ላይ ነው። ተራኪው አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት ይጀምራል፤ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ይማራል። ራሱም መምህር ሆኖ የፈረንጆቹንና የግብጾቹን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስረዳል፤ በዚህም ሁለቱም ወገን ይጠላዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሰው ስለ ሃይማኖት ሰውን ሲያሳድድ እርሱም ተከስሶ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ይሸሻል፤ በተከዜ አካባቢ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ይኖራል። ሐሳቡ የተወለደው ከዚህ ስደት ነውና አንባቢው መደምደሚያውን ባይቀበል እንኳ ተራኪውን አይጠረጥረውም።

ከሁሉም የምትልቀው ቅጽበት በዋሻው ውስጥ ያለችው ናት። ሰዎች በአምላክ ስም ይህን ያህል ክፉ ከሆኑ ጸሎቴን የሚሰማ አለን? ብሎ ይጠይቃል። ለጥቂት መስመሮች ያህል የምር ኢአማኒነት ደጃፍ ላይ ቆሟል። የመለሰው ምንድር ነው? በመጀመሪያ የመጣለት ምክንያታዊ ማስረጃ ሳይሆን መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ጆሮን የሠራ ሰሚ ነው የሚለው የመዝሙሩ ሐሳብ ትዝ ይለዋል። «ማን ፈጠረኝ?» ከሚለው ተነሥቶ እስከ መጀመሪያው ምክንያት የሚወስደው ክርክር የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ገጣሚ ስናነበው ይህ እጅግ እውነተኛ ነው፤ ሰው በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ግጥም ከክርክር ይቀድማል። እንደ ፈላስፋ ስናነበው ግን እዚህ ላይ ቸኩሏል። ጾምን፣ ምንኩስናን፣ የሙሴን ሕግ፣ ከአንድ በላይ ማግባትን ሁሉ በብርሃነ ልቡና እየመረመረ የተቸ ሰው ይችን አንዲት ጥያቄ በዚያው ብርሃን ጥቂት ሊያቆያት ይገባ ነበር።

ይህን የሚጽፈው ሰው ኢአማኒ ነውና ከተራኪው የሚለየው በዚች ቦታ ነው። ዓለም ምክንያት ካስፈለጋት ምክንያቷም ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ሰንሰለቱን አንድ ቦታ ላይ ማቆም ከተፈቀደ በምናየው ዓለም ላይ ማቆም አይከለከልም። የሰው ክፋት ተራኪውን ወደ ሰማይ ዳኛ ወሰደው፤ ይህን ጸሐፊ ደግሞ ዳኛው ሰው ራሱ ካልሆነ ሌላ እንደሌለ ወደ ማሰብ ወስዶታል። መልካም ማድረግን የተማርነው ከእናቶቻችን ነው፤ ያን ትምህርት ለመመለስ የሚያስገድድ ምክንያት አላገኘንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትና የሕሊና ነጻነትን ያረጋግጣል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ግን ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 ከመቶ ነው። ሕጉ የሚሰጠውን ጎረቤት ሊነፍግ እንደሚችል ከእነዚህ አኃዞች መገመት ይቻላል። ኢአማኒው ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ተራና ግልጽ ነው፦ ስሞት ማን ይቀብረኛል፣ የትስ ነው የምቀበረው? የመቃብር ቦታው ባመዛኙ በቤተ እምነት ስም የሚታወቅ፣ ለቅሶውም በፍትሐትና በዱዓ የሚፈጸም ነው።

ተራኪውም ይህን ያውቅ ነበር። ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ በሀብቱ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ ሲኖር ለሰዎች ክርስቲያን እየመሰለ፣ በልቡ የራሱን እያመነ እንደኖረ ይነግረናል። የቤቱን ሠራተኛ ሒሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ የልቡን እምነት ግን ይደብቃል። ብዙ ወጣቶች ከመጽሐፉ የሚወስዱት የዋሻውን ጀግንነት ነው፤ የእንፍራዙን ዝምታ አያነሡትም። ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ከቤተሰቡ ጋር የሚጾም፣ «እንደምን ዋልክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል፣ ማንንም ላለማሳዘን ዝም ያለው የዛሬው ኢአማኒ የሚመስለው እንፍራዝ ያለውን ሰው ነው። ይህ ዝምታ ፍርሃት ነው ወይስ ፍቅር? መጽሐፉ አይመልስም፤ ምናልባት ሁለቱም ናቸው። ተውኔት ሊገባበት የሚገባው ክፍተት ይህ ነው።

ጽሑፉን ወደ መድረክ ለማምጣት የሚያስብ ደራሲ የሚገጥመው እንቅፋት ንግግር ነው። አማርኛ ራሱ ያምናል። ኢአማኒው ገጸ ባሕርይ ድንገት ሲደነግጥ «በስመ አብ!» ይላል፤ ለተደረገለት ውለታ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ የታመመ ሲጠይቅ «እግዜር ይማርህ» ከማለት ሌላ ቃል አይመጣለትም። እነዚህን ሁሉ ቢሰርዝ ገጸ ባሕርዩ ከትርጉም መጽሐፍ የወጣ ባዕድ ይሆናል። ቢተዋቸው ደግሞ ተመልካቹ ይስቃል። ይሳቅ፤ ያ ሳቅ በ1970ዎቹ መድረክ በቄሱ ላይ ከተሳቀው የተሻለ ነው፤ ሰውየው ከተመልካቹ ጋር በአንድ ቋንቋ ውስጥ ተይዞ መታየቱ ነውና። የዋሻው ትዕይንት ሲዘጋጅም ተዋናዩ ጥያቄውን በሚጠይቅባት ቅጽበት መዝሙረ ዳዊቱን ወርውሮ እንዲጥል የሚያዝ አዘጋጅ አይጠፋም። ሐተታው የሚለው ሌላ ነው፤ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው በእጁ እንዳለ ይቆይ።